መጀመሪያ የወረደ ዳኛ ይሁን

ሰው የሥራውን የመጀመሪያ ቀን ሲያወራ ከቢሮ፣ ከወንበርና ከፊርማ ይጀምራል። እኔ የመጀመሪያ ፍርዴን የሰጠሁት አውራ ጎዳና ዳር፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አህዮች ዙሪያዬን ቆመው እያዩኝ ነው። ያኔ ዳኛ አልነበርኩም፤ እሆናለሁ ብዬም አስቤ አላውቅም። ይህን ስነግራቸው ልጆቼ "እማዬ ዛሬም ጨመረችበት" ይላሉ። እናንተው ስሙኝና ፍረዱ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ዓመታት ያለፉበት፣ ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ግን ገና ትኩስ ወሬ የነበረበት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ አዲስ ዓለም ሠፈር ነው፤ ስሜ ዘሀራ ይባላል። አባቴ ጨውና አቡጀዲ ነጋዴ ነበሩ። ከልጆቻቸው ሁሉ አፈ ፈጣኗ እኔ ስለነበርኩ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይቺን የሚያገባት ሰው አስቀድሞ ጠበቃ ይያዝ" እያሉ ያስቁብኝ ነበር። ነርስነት ተምሬ ስጨርስ መጀመሪያ የተመደብኩት ሳንጃ ነው። እናቴ "ለወባ ልቀልባት ነው የወለድኳት?" ብላ ምግብ አልበላም አለች። አባቴ ያልለመኑት ሰው፣ ያልገቡበት ቢሮ አልነበረም፤ በመጨረሻ ወደ ደጋው፣ ወደ ዳባት መንገድ ወዳለ አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ አዛወሩኝ።

የሚወስደኝም ሰው የታመነ መሆን ነበረበት። አያ ኑሩ የሠፈራችን ሰው ናቸው፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ካሚዮን ይነዳሉ። ካሚዮኑን እንደ ሕፃን ያባብሉታል፣ ሲቆም ይለምኑታል፣ ሲነሣ ያመሰግኑታል። አባቴ ቦርሳዬን ከጨው ጆንያዎቹ መካከል አስቀምጠው፣ እኔን ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጠው፣ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡኝ። እስክደርስ ድረስ ከማኪናው እንዳልወርድ። ቢጠማኝ አያ ኑሩ ውሃ ያመጡልኛል፤ የሚታይ ነገር ካለ በመስኮት አያለሁ።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን አንዲት መንደር ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። የመንደሯን ስም አልጠራም፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው አሉና። አህያ፣ ስልቻ፣ ጆንያ፣ ሰው። ከመንገዱ በስተቀኝ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አለ፤ ከውስጡ የወፍጮ ባቡር ይንደቀደቃል። እመንገዱ መሐል ደግሞ ሁለት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጋቢያቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ቆመዋል። አንደኛው ወፈር ያሉ፣ ጋቢያቸው የነጣ፣ ጢማቸው የተከረከመ ባለጸጋ ናቸው። ሁለተኛው ከሲታ ነው፤ እጀ ጠባቡ ላይ ፍም የበሳው ቀዳዳ ብዙ ነው። አያ ኑሩ ጥሩንባ ነፉ። ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም።

አያ ኑሩ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እጃቸውን ከመሪው ላይ ሳያነሡ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ እኔ የሰው ሙግት አላይም፣ አልሰማም፣ አልወርድም አሉ። እኔ ደግሞ የአባቴን ትእዛዝ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሚገባ አክብሬ ነበር። ሁለት ሽማግሌ እንደ በሬ ተጠምደው ሲቆሙ በመስኮት ብቻ ማየት ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። በሩን ከፍቼ ዘለልኩ።

እግሬ መሬት ሲነካ ከኋላ አንድ ሰው "ወረደ!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ዞረ። ቀሚሴን፣ ሻሼን፣ ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ፊቴን አየ። ከዚያ ያው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወረደች" አለ።

ለዛሬ ልጆች ላስረዳ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ተበደልኩ ብሎ "በሕግ አምላክ!" ካለ የተባለው ሰው ማንም ይሁን ማን ባለበት ይቆማል። ከዚያ ልብሳቸውን ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ዘንድ አብረው ይሄዳሉ። ዳኛው ሳይፈታው ቋጠሮውን የሚፈታ ራሱን በዳይ አደረገ ማለት ነው። ዳኛ ሩቅ ከሆነ መንገደኛ ያቆማሉ፤ የተለመነ መንገደኛም እንዲያው አልፎ አይሄድም። ሁለቱ ሰዎች ከጧት ጀምሮ እንዲህ ተቋጥረው ነበር። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱ ሜዳ ልውጣ ሲል ሌላው ፊቱን አዙሮ ይከተላል።

ነገሩን ያስረዳኝ የመንደሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ባለጸጋው ባላምባራስ ፈንታ ይባላሉ፤ የወፍጮው ባለቤት ናቸው። ከሲታው አያ ደርሶ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ባለ እጆች ሁሉ አፍ። ሚስቶቻቸው ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ያወጣሉ፤ አገሬው በማረሻቸው ያርሳል፣ በማሰሯቸው ይቀቅላል፣ እነሱን ግን "ቡዳ ናቸው" ብሎ ይሸሻቸዋል። አያ ደርሶ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው አልነበረም። ቀደም ሲል ሙታናቸው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ይቀበሩ የነበረውን ተሟግቶ አስቀርቷል። ልጆቻቸውን ከቄስ ትምህርት ቤት አስገብቷል። አሁን የቀረው ወፍጮው ነው። ባላምባራስ የባለ እጆችን እህል አልፈጭም ስላሉ ሴቶቻቸው እስካሁን ድንጋይ ላይ ያጎነብሳሉ።

የዚያን ዕለት ጧት አያ ደርሶ ሚስቱን ይታይሽን ከነጆንያዋ ይዞ መጥቶ ወረፋ ያዘ። ባላምባራስ ጆንያውን ከወረፋው አስወጡት። አያ ደርሶም "በሕግ አምላክ" አላቸው። ለመዳኘት የቀረቡት ሽማግሎች በሙሉ ወይ የባላምባራስ ዘመድ ናቸው፣ ወይ እዚያው ወፍጮ የሚያስፈጩ። ስለዚህ ሁለቱም በሰው ሁሉ ፊት ማሉ። ከአሁን በኋላ በዚህ መንገድ መጥቶ መጀመሪያ እግሩ መሬት የረገጠ እንግዳ ዳኛችን ይሁን፤ ንጉሥ ይሙት፣ ከቃሉ አንወጣም አሉ። አያ ደርሶ ከተረታ ባለ እጆቹን ሁሉ ይዞ፣ አገሩን ለቅቆ ወደ አይከል ሊሰደድ። ባላምባራስ ከተረቱ እህሉን በተራው ሊፈጩ።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቢኖር የማኪናውን በር መፈለግ ነው። አያ ኑሩ በመስኮት እያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደግነቱ ባላምባራስ ራሳቸው ሊያድኑኝ መጡ።

"ይቺ ልጅ ናት" አሉ። "ደግሞም ሴት ናት። ስምሽ ማን ነው?"

"ዘሀራ።"

"ይኸው" አሉ፣ ነፃ የሆነውን እጃቸውን ወደ ሕዝቡ ዘርግተው። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴትነቴም እስልምናዬም ያን ቀን ብቻ ከጣጣ ሊያወጡኝ ነው ብዬ ወደ ካሚዮኑ ዞርኩ።

ይሄኔ አያ ደርሶ ተናገረ። መሬት መሬት እያየ፣ "እውነታቸውን ነው" አለ። "ሴት ልጅ ዳኛ ሆና አይተን አናውቅም። ሌላ መንገደኛ ይምጣ፤ እንጠብቃለን።"

ባላምባራስ ሲሉኝ ምንም ያልመሰለኝ ነገር እሱ ሲለኝ አንገበገበኝ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁትም። ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ሲወጣ ይታወቀኛል። ዞሬ ወደ እሱ ሄድኩና ጠየቅሁት።

"አያ ደርሶ፣ ከጧት ጀምረው ሰው ሁሉ እኩል ነው ሲሉ ዋሉ አሉ። ሰው ሁሉ ሲባል እርስዎ ጋ ሲደርስ ያበቃል?"

ባቡሩ ይንደቀደቃል። ይታይሽ ከጆንያዋ አጠገብ ሆና ባሏን አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ሳይታሰብ መሣቅ ጀመረ፤ የሚያሳፍር ነገር በራሱ ላይ ያገኘ ሰው የሚሥቀውን ሣቅ። ሣቁን ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

"እኔ ሞኙ" አለ፤ "የራሴን በር ከውስጥ ቀርቅሬ ሌላውን ክፈቱልኝ እላለሁ። መጀመሪያ የወረደችው እሷ ናት። ዳኛዬ ናት።"

ባላምባራስ አንገራገሩ። ሕዝቡ ግን መሐላቸውን አስታወሳቸው። ሴት አይሁን፣ እስላም አይሁን ብለው አልማሉም፤ እግሩ መሬት የረገጠ እንግዳ ብለው ነው የማሉት። በንጉሥ ሞት ምሎ ወደ ኋላ ማለት ደግሞ በዚያን ዘመን ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው የገብስ ጆንያ ጎትቶ አመጣልኝና ተቀመጥኩ።

ከዚያ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። ሁለቱ ሽማግሎች ከነቋጠሯቸው ፊቴ ቀርበው ጋቢያቸውን በወገባቸው ዙሪያ አደገደጉ። አባቴን የሚያህሉ ሰዎች። ቅድም "እሷ" ሲለኝ የነበረው አያ ደርሶ "እርስዎ" አለኝ።

ከሳሽ ይናገር አልኩ። እንደዚያ እንደሚባል እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም።

"ዳኛዬ" አለ አያ ደርሶ፤ "ጎንደር ማጭድ ልሸጥ ወርጄ፣ አደባባይ ላይ ሕጉ በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ነፋስ ነበር፤ ግማሹ አልተሰማኝም፣ ግማሹ አልገባኝም። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲባል ግን ገብቶኛል። ለእኔ አዲስ ሆኖም አይደለም። ይህች አገር ድሮም የቆመችው በዚሁ ነው። ልጅ እግሩ ደጃዝማቹን በሕግ አምላክ ቢለው ደጃዝማቹ ይቆማል። ዛሬ ጧት እኔ ባላምባራስን አቆምኳቸው፤ ቆሙ። እጅህ ምን ይሠራል፣ የማን ልጅ ነህ አላሉኝም። ሕጉ ሲያቆማቸው እኩል ነን። እህላችን ሲመጣ ግን ምነው ሌላ ሆን? ቃሉ የእኔም የእሳቸውም ነው። ግማሹን ከእኔ ከልክለው ግማሹን አይያዙት። ጨረስኩ።"

በሕይወቴ ብዙ ጠበቃ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ መጽሐፍ ተሸክሞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ውሃ እየጠጣ ግማሽ ቀን ይናገራል። እንደዚያ ቀን የሰማሁት ግን ጥቂት ነው።

ባላምባራስም መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩን ያከበደብኝ ይኸው ነው። ባለ እጆችን አልጠላም አሉ። ቡዳ የሚባለው የቦዘነ ሰው ወሬ ነው፤ እኔ በበኩሌ አላምንበትም፣ በደርሶ ማረሻ ስንት ዓመት አርሻለሁ አሉ። ጭንቃቸው ወረፋው ነው። ወደተሰለፉት ሴቶች እያሳዩኝ፣ የእነሱ እህል ዛሬ ድንጋዩ ላይ ከወጣ እነዚህ ሁሉ ነገ አህያቸውን ነድተው ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ፤ ያለ ሰው ባቡር ደግሞ ብረት ነው አሉ። ሴቶቹን አየሁ። ዓይናቸውን ሰበሩ። ባላምባራስ አልዋሹም።

ስለዚህ እህሉ ይፈጭ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገ ወረፋው ሲበተን ግን ባላምባራስ ፍርዱን አክብረው ይከስራሉ፣ ወይም መሐላቸውን ያፈርሳሉ። ሌላ ወፍጮ ያለበት አገር ሁሉ ደግሞ ይህን ሰምቶ በሩን ይቀረቅራል። ጆንያው ላይ ተቀምጬ ሳስብ ትዝ ያሉኝ አባቴ ናቸው። ገበያተኛ "ጨውህ አሸዋ አለበት" ሲላቸው አይከራከሩም ነበር። ከከረጢቱ ቆንጥረው፣ ሰው እያየ፣ ራሳቸው ይቀምሱታል።

"ባላምባራስ፣ አላምንበትም ብለዋል" አልኩ። "እኔም አምኜዎታለሁ። የአያ ደርሶ እህል በወረፋው ይፈጭ። ከእሱ ቀጥሎ ድንጋዩ ላይ የሚወጣው የእርስዎ ቤት እህል ይሁን። ሕዝቡ ባለበት ይፈጭ፣ ከቤትዎ ይበላ።"

ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። "ባላደርገውስ?" አሉ።

"ያኔ ያምኑበታል ማለት ነው። እዚሁ ሰው ፊት እንዲያ ይበሉና እንሰማዎታለን።"

ወደ ወረፋው ዞሩ። አያ ደርሶ ከተረታ የሚሄድበት አገር ታየኝ፣ ይታይሽ ማሰሮ አዝላ ታየችኝ። ድንገት ከሴቶቹ መካከል አንዲት ወይዘሮ ወጥታ ወደ ግቢው ገባች። የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ አለምነሽ ነበረች። ጥቂት ቆይታ ሁለት ሰው ጆንያ አሸክማ መጣችና፣ ከይታይሽ ጆንያ ጀርባ አስቀመጠችው። ባሏንም እኔንም አላየችም። "ወረፋ ይዣለሁ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ባላምባራስ ሚስታቸውን አዩ፣ ጆንያውን አዩ፣ ከዚያ እንደ ተረታ ሰው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ሸጋ ፈርደሻል አላሉኝም፤ ቋጠሮውን ፍቺልን ነው ያሉኝ። ቀን ሙሉ ሲጎተት የዋለ ቋጠሮ እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ እንዳይመስላችሁ። ጥፍሬ ሲያቅተው በጥርሴ ገባሁበት። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ዘርግተው፣ ዳኛቸው በመሐላቸው ጎንበስ ብላ ጨርቅ ስታኝክ አስቡት። አያ ኑሩ ያን ጊዜ ነው ከካሚዮኑ የወረዱት፤ ሣቁ አላስቀምጥ ብሏቸው።

የይታይሽ እህል ተፈጨ፤ የወይዘሮ አለምነሽም ተከተለ። ከወረፋው ግማሹ ሰው የዚያን ዕለት አህያውን ነድቶ ሄደ። ባላምባራስ ደጃፋቸው ላይ ቆመው የሚሄደውን ሲያዩ አንጀቴን በሉኝ። የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ከዚያች መንደር ሩቅ ስላልነበረ የሆነውን ሁሉ እሰማ ነበር። ከሄዱት ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ድንጋይ ላይ ሲፈጩ ወገብ ታመመ፣ ሌላው ወፍጮ ራቀ፣ የባላምባራስም ቤተሰብ እንደ ድሮው በልቶ ጠጥቶ በጤና ከረመ። አንዳንዶቹ ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሱም። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ልብ ገዛ ብዬ ብነግራችሁ እዋሻችኋለሁ።

እኔ ለጥቂት ዓመታት መርፌ ስወጋ፣ ቁስል ሳጥብ ቆየሁ። ነገር ግን ያ የጆንያ ወንበር አልለቀቀኝም። ሕግ ልማር ብዬ ስነሣ እናቴ እንደገና ምግብ አቆመች፤ አባቴ ግን ጠበቃ የሚይዝ ባል ከመፈለግ ተገላገልኩ አሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በእውነተኛ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ብዙ ሰው መጥቶ እኩልነቱን ሲጠይቀኝ፣ ጥያቄው ከእሱ ቀጥሎ ላለው ሰው ሲደርስ የት እንደሚቆም አስተውያለሁ። አንባቢዎቼ፣ ብዙውን ጊዜ በጣም ቅርብ ነው የሚቆመው። እንደ አያ ደርሶ በራሱ ላይ የሚሥቅ ሰው ያገኘሁት ከስንት አንድ ነው፤ ያገኘሁ ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ወጣት ዳኞች አንዳንዴ ይጠይቁኛል፤ ያን ቀን የከበደዎት ምኑ ነበር ይሉኛል። ፍርዱ ይመስላቸዋል። ፍርዱ አልነበረም።

የአያ ኑሩ ካሚዮን ቆሞ ስለዋለ አልነሣም ብሎ አስቸገረ። እስኪያባብሉት ድረስ አያ ደርሶና ሚስቱ ቤታችን ግቢ አሉኝ። ወንዙን ተሻግረን ገባን። ይታይሽ በዚያው ትኩስ ዱቄት ቂጣ ጋግራ፣ በሰፌድ አቀረበችልኝ። እኔም ጎንደር ውስጥ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ከባለ እጅ ቤት አትብዪ፣ ከበላሽም እንቅልፍ ታጫለሽ፣ ትመነምኛለሽ ስትባል ያደገች ልጅ። ነርስ ነኝ፣ ተምሬአለሁ፣ ከትንሽ ጊዜ በፊት ሰው ፊት ፈርጃለሁ። ቂጣው ፊቴ ሲቀርብ ግን ፈራሁ። ይታይሽ አልተቀመጠችም፤ ቆማ አፌን ታያለች። ስንት ሰው እጇን እንደመለሰባት ከአቋቋሟ ታወቀኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ቆረስኩ። አኘኩ። እስክውጥ ድረስ ጠበቀችኝ። ከዋጥኩ በኋላ ጎንበስ ብላ፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ቁራሽ በእጇ ቆርሳ ሰጠችኝ።

"ድገሚ ልጄ" አለች።

ደገምኩ።